የጂ ኃይልና የሰው ልጅ ብቃት፦ አእምሮንና እጅን የመለካት ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

በየጤና ተቋሙ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ የሚባለው መሣሪያ የታወቀ ነው። ደም የያዘው ቱቦ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ከባዱ የደም ሕዋስ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ሴረም ከላይ ይቀራል። በዚህ መሣሪያ በየዕለቱ የሚገለገል ባለሙያ፣ በቱቦው ቦታ ሰው ቢቀመጥ ምን ይደርስበታል ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። በአቪዬሽን ሕክምና የተሰማሩ ሐኪሞችና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎች ግን ባለፈው መቶ ዓመት ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ብዙ ሺህ ሰዎችን፣ ራሳቸውንም ጭምር፣ በግዙፍ ሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው ምን ያህል ኃይል ችሎ በሕይወት ይቆያል?» የሚል ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄው ተለወጠ። አብራሪ በሕይወት መቆየቱ ብቻ አይበቃም፤ ማሰብ፣ መወሰንና በእጁ መሪውን መያዝ አለበት። በመሆኑም «በዚያ ኃይል ሥር ያለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ችሎታውስ እንዴት ይለካል?» የሚለው ዋና ጉዳይ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የመለኪያ ፍለጋ የተጓዘበትን መንገድና ለጤና ባለሙያ የሚያስተላልፈውን ትምህርት ባጭሩ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂ ምንድን ነው?

ጂ የምንለው የመሬት ስበት በሰውነት ላይ የሚያሳርፈውን ጫና እንደ አንድ አሐድ የሚወስድ መለኪያ ነው። መሬት ላይ የቆመ ሰው በ1 ጂ ሥር ይገኛል። አውሮፕላን በፍጥነት እየበረረ ጠበብ አድርጎ ሲታጠፍ ወይም ከቁልቁለት በረራ ቀና ሲል ግን አብራሪው ወደ መቀመጫው ይጨመቃል። በ5 ጂ ሥር 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 350 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ሆኖ ይሰማዋል። ክንዱ፣ ራሱና ደሙም በዚያው ልክ ይከብዳሉ።

ዋናው ችግር የሚመነጨው ከደሙ ነው። ተቀምጦ ባለ ሰው ከልብ እስከ ዓይን ያለው ከፍታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህን ያህል ቁመት ያለው የደም ዓምድ በ1 ጂ ሥር 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይወስዳል። በልብ ደረጃ 120 የነበረው የሲስቶሊክ ግፊት በዓይን ደረጃ 98 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በ5 ጂ ሥር ግን ዓምዱ ብቻ 110 ስለሚወስድ ለዓይንና ለአንጎል የሚተርፈው 10 ያህል ነው። በዓይን ኳስ ውስጥ ያለው ግፊት ከዚህ ስለሚበልጥ ደም ወደ ሬቲና መግባቱን ያቆማል። በዚህ ምክንያት አስቀድሞ የሚጠፋው እይታ ነው፤ በመጀመሪያ የዳር እይታው ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ሁሉም ይጨልማል፣ በመጨረሻ ንቃተ ኅሊና ይጠፋል። ግፊቱን መልሰው ከፍ የሚያደርጉት የሰውነት ሪፍሌክሶች ሥራቸውን ለመጀመር ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋሉ፤ አንዳንድ ጊዜ የሚደርሱት ከዘገየ በኋላ ነው።

አብራሪው ራሱ መለኪያ በነበረበት ዘመን

ሰውን ማሽከርከር ከአውሮፕላን በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ኤርነስት ሆርን የተባለው ሐኪም የአእምሮ ሕሙማንን በሚሽከረከር መሣሪያ «ለማከም» ሞክሯል። በዚያን ጊዜ የተሽከርካሪው ስሜትም ሆነ ፈቃድ ብዙ አይጠየቅም ነበር። የአውሮፕላን ዘመን ሲመጣ ሁኔታው ተገለበጠ፤ አሁን የሚሽከረከረው ሰው ራሱ ዋና መስካሪ ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንድ አብራሪዎች በጠባብ መታጠፊያ ላይ ዓይናቸው እንደሚጨልምና ራሳቸውን እንደሚስቱ መናገር ጀምረው ነበር። ነገሩን በቁጥር ከመዘገቡት መካከል ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ አሜሪካዊው አብራሪ ጄምስ ዱሊትል ነው። ዱሊትል በ1924 በኦሃዮ ግዛት በማክኩክ ፊልድ በፎከር ተዋጊ አውሮፕላን ላይ አክስለሮሜትር አስገጥሞ የተለያዩ የበረራ ቅልጥፍናዎችን ፈተነ። በ1925 የታተመው ሪፖርቱ ሁለት ነገሮችን አስረዳ። አንደኛ፣ ለቅጽበት ብቻ ከሆነ እስከ 7.8 ጂ የሚደርስ ኃይል አብራሪውን አያስቸግረውም። ሁለተኛ፣ ከ4.5 ጂ በላይ የሆነ ኃይል ለተከታታይ ሰከንዶች ከቆየ አብራሪው ችሎታውን በፍጥነት ያጣል። የኃይሉ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚቆይበት ጊዜም ወሳኝ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የዱሊትል ሥራ ታላቅ ነበር፤ አንድ ጉድለት ግን ነበረው። መሣሪያው የሚለካው አውሮፕላኑን ነው። የሰውየውን አእምሮና እጅ የሚለካ ነገር አልነበረም፤ መለኪያው ከበረራ በኋላ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነበር። አገራችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደምትለው፣ ሰው ስለ ራሱ ብቃት ሲመሰክር ምን ያህል ትክክል ነው የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ገና አልተነሣም።

ቶሮንቶና ሮቸስተር

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈጣን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ይዞ ሲመጣ ጉዳዩ የሞት ሽረት ሆነ። በካናዳ ቶሮንቶ በባንቲንግ ኢንስቲትዩት በካንሰር ምርምር ላይ የነበረው ዶክተር ዊልበር ፍራንክስ ከዚያው ከላቦራቶሪ ሴንትሪፊዩጅ ሐሳብ አገኘ። የመስታወት ቱቦዎቹ በሽክርክሪት ኃይል ይሰበሩ ስለነበር በፈሳሽ ውስጥ እያስቀመጠ ይጠብቃቸው ነበር። «ቱቦን የሚጠብቅ ፈሳሽ ሰውን ለምን አይጠብቅም?» የሚለው ሐሳብ ውኃ የተሞላ ጸረ-ጂ ልብስ አስገኘ። በመጀመሪያ በአይጦች ላይ ተሞከረ፤ በ1940 ደግሞ ፍራንክስ ራሱ ለብሶት በረረ። ልብሱ በኅዳር 1942 በሰሜን አፍሪካ ዘመቻ ጊዜ በብሪታንያ የባሕር ኃይል አብራሪዎች ዘንድ ለውጊያ ዋለ።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ማዮ ክሊኒክ በ1942 ሰው የሚያሽከረክር ሴንትሪፊዩጅ ሥራ አስጀመረ። ኧርል ዉድ፣ ኤድዋርድ ላምበርትና ባልደረቦቻቸው ተሽከርካሪው በመሃልና በዳር ለሚበሩ መብራቶች እንዲሁም ለሚሰማ ድምፅ ማብሪያ እየተጫነ እንዲመልስ አደረጉ። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ መሠረታዊ ለውጥ ነበር። ከዚህ በኋላ «ይታየኝ ነበር» ወይም «አልታየኝም» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ጣቱ ማብሪያውን የተጫነበት ቅጽበት በወረቀት ላይ ይመዘገባል። ከዚሁ ጋር በደም ቧንቧ ውስጥ በገባ መርፌ የደም ግፊት በቀጥታ ይለካ ነበር።

ላምበርት በ1945 ያቀረበው ሙከራ በተለይ የሚደነቅ ነው። በተሽከርካሪው ዓይን ላይ አየር የሚስብ መነጽር በማድረግ በዓይን ኳስ ላይ ያለውን ግፊት ቀነሰ። ውጤቱም፣ ያለ መነጽሩ ዓይን በሚጨልምበት የጂ ደረጃ እይታ ሳይጠፋ ቆየ። በዚህም የእይታው መጨለም የሚጀምረው ከአንጎል ሳይሆን ከዓይኑ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚህ የሚከተለው ግን አሳሳቢ ነው፤ እይታ ማስጠንቀቂያ እንጂ የአንጎል መለኪያ አይደለም። ዓይን እያየ አንጎል ሊዳከም ይችላል።

በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሴንትሪፊዩጅ የተደረገውና በ1949 የታተመው ጥናት ይህንኑ ያጠናከረ ነው። ጂ እየጨመረ ሲሄድ ለብርሃን ብቻ ሳይሆን ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽም ዘገየ። ጥፋቱ የዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ባልተነካ ነበር።

ሰው የሚሰጠው ሰውነትና ሊታለፍ የማይችል ጥያቄ

ደም ከአንጎል ሲቋረጥ ንቃተ ኅሊና በስንት ሰከንድ ይጠፋል የሚለውን ለማወቅ ሮሰን፣ ካባትና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1943 ውጤቱን ያሳተሙትን ሙከራ አካሄዱ። በአንገት ላይ የሚነፋ ካፍ አድርገው የደም ዝውውሩን ለአጭር ጊዜ አቆሙ። ንቃተ ኅሊና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጠፋ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የተጠኑት 126 ጤናማ ወጣት ወንዶችና 11 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን መሆናቸው ግን አብሮ መጠቀስ አለበት። ለሕክምናቸው በማይጠቅም ጥያቄ የአእምሮ ሕሙማንን ማሳተፍ በዛሬው የሥነ ምግባር መመዘኛ ተቀባይነት የለውም።

በዚያው ጦርነት ወቅት በዳካው የማጎሪያ ካምፕ በእስረኞች ላይ የተፈጸመው የዝቅተኛ አየር ግፊት ሙከራ የአቪዬሽን ሕክምናን ስም ያጎደፈ ወንጀል ነበር። ከዚያ የተነሣ በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ፣ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ያስከትላል ተብሎ አስቀድሞ የሚታመን ሙከራ እንዳይደረግ ሲከለክል አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ጠቀሰ፤ እሱም ምናልባት ሙከራውን የሚያደርጉት ሐኪሞች ራሳቸው ተሞካሪ ሲሆኑ ነው።

በጂ ምርምር ታሪክ ራሳቸውን ያቀረቡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ፍራንክስና ዉድ ከላይ ተጠቅሰዋል። ኮሎኔል ዶክተር ጆን ስታፕ ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በኒው ሜክሲኮ በሮኬት በሚገፋ ተሽከርካሪ ላይ ታስሮ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። ሰውነቱ ላይ ያረፈው ከፍተኛ ኃይል 46.2 ጂ ነበር፤ ለጊዜው ዓይኑ ጠፍቶ በኋላ ተመለሰለት። በፔንሲልቬንያ ግዛት በጆንስቪል የባሕር ኃይል ማዕከል ፍላናጋን ግሬይ የተባለው ሐኪም በ1958 ውኃ በተሞላ የብረት ክፍል ውስጥ ሆኖ 31.25 ጂ ለ5 ሰከንድ ቻለ።

የእነዚህ ሐኪሞች ድፍረት ክብር ይገባዋል። ሌላውን ከማጋለጥ በፊት ራስን ማስቀደም የሙያው ታላቅ ወግ ነው። ነገር ግን ውኃ በተሞላ ክፍል ውስጥ 31 ጂ የቻለ ሰው አውሮፕላን መምራት ይችል ነበርን? መቻልና መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዚህ ጊዜ ጎልቶ ታየ።

ከአማካይ ቁጥር ወደ ሥራ ብቃት

በ1954 በፍሎሪዳ በፔንሳኮላ የባሕር ኃይል የአቪዬሽን ሕክምና ትምህርት ቤት የተካሄደ ጥናት ውጤት ታተመ። 1,000 ሰዎች ጸረ-ጂ ልብስ ሳይለብሱና ጡንቻቸውን ሳያጠብቁ ተሽከረከሩ። የዳር እይታ በአማካይ በ4.1 ጂ፣ ሙሉ እይታ በ4.7 ጂ፣ ንቃተ ኅሊና በ5.4 ጂ ጠፋ። አማካዩ ከዱሊትል የ4.5 ጂ ወሰን ብዙም አይርቅም። ከአማካዩ ይልቅ ልዩነቱ ትኩረት ይስባል፤ ንቃተ ኅሊና በ3.0 ጂ የጠፋበት ሰው እንዳለ ሁሉ እስከ 8.4 ጂ የቆየም ነበር። በሁለት ዓመት ልዩነት በ1956 በጆንስቪል የምትሠራው አሊስ ስቶል የጂን መጠን፣ የሚጨምርበትን ፍጥነትና የሚቆይበትን ጊዜ በአንድ ሥዕል ያዋሐደ ጥናት አሳተመች። ኃይሉ በጣም ፈጥኖ ሲጨምር አንጎል ባለው ጥቂት የኦክስጅን ክምችት ለአጭር ጊዜ እንደሚሠራ፣ ከዚያም ያለ ምንም የእይታ ማስጠንቀቂያ እንደሚጠፋ ከዚህ ሥራ መረዳት ይቻላል።

በጆንስቪል የነበረው ሴንትሪፊዩጅ ክንድ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኘና ተሽከርካሪው ራሱ በሚይዘው መሪ ሴንትሪፊዩጁን ማንቀሳቀስ ቻለ። የኤክስ-15 ሮኬት አውሮፕላን አብራሪዎችና የሜርኩሪ ጠፈርተኞች የሠለጠኑት በዚህ ነው። ቀድሞ እንደ ዕቃ ይሽከረከር የነበረው ሰው ከዚህ በኋላ ሠራተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ የመለካት እውነተኛ ችግር መጣ። አብራሪው በስክሪን ላይ ዒላማ ሲከታተል ቢሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? ክንዱ አምስት እጥፍ ስለከበደ ነውን? ዓይኑ ስለደበዘዘ ነውን? ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ስላቃተው ነውን? ወይስ አንጎሉ ማመዛዘን አቁሞ ነው? እነ ራንዳል ቻምበርስ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እነዚህን ለመለየት ተግባራትን ነጣጠሉ። ክንዱ በድጋፍ ላይ እንዲያርፍና መሪው በእጅ አንጓ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ሆነ። ዒላማ ከመከታተሉ ጎን የአጭር ጊዜ ትውስታን የሚፈትኑ ተግባራት ተሰጡ። የእያንዳንዱ ሰው ውጤት ከራሱ የ1 ጂ ውጤት ጋር ተነጻጸረ፤ ልምምድ ውጤትን እንዳያሳስት ተሞካሪው አስቀድሞ በደንብ ይለማመዳል።

ሁለተኛ ተግባር መጨመር ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብርቱ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ከተሰጠው ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ጉድለቱን ይሸፍናል። ሁለት ሥራ ሲሰጠው ግን የተሸፈነው ጉድለት በሁለተኛው በኩል ይወጣል። አእምሮ የቀረውን አቅም የሚያሳየው ሲጨናነቅ ነው።

የጠፉት ሰከንዶች

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ኤፍ-16 በቅጽበት ወደ 9 ጂ ሊደርስ የሚችል አውሮፕላን ነው። ከዚህ በኋላ አብራሪዎች እይታቸው ሳይደበዝዝ በድንገት ራሳቸውን የሚስቱበት አደጋ ትልቅ የምርምር ርዕስ ሆነ። ዶክተር ጄምስ ዊነሪ በ1990 ባሳተመው ጥናት በሴንትሪፊዩጅ የተመዘገቡ 500 የሚሆኑ ራስን የመሳት ክስተቶችን መረመረ። ንቃተ ኅሊና በአማካይ ለ12 ሰከንድ ያህል ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ዓይን ቢገለጥም ሰውየው ግራ ተጋብቶ፣ እጁን በትክክል ሳያዝ ሌላ 12 ሰከንድ ያህል ይቆያል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን እነዚህ 24 ሰከንዶች 6 ኪሎ ሜትር ማለት ናቸው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ብዙዎቹ ተሞካሪዎች መሳታቸውን አለማስታወሳቸው ነው። ራሳቸው ወደ ጎን ሲወድቅና እጃቸው ሲንፈራገጥ የተቀረጸው ፊልም እስኪታያቸው ድረስ «አልሳትኩም» ብለው የሚከራከሩ ነበሩ። ውሸት አልተናገሩም። ለመመስከር የሚያስፈልገው አካል ደም አጥቶ ስለነበር ያላየውን ነገር ሊያስታውስ አልቻለም።

ከሙሉ መሳት የሚያንሰው ደረጃም ተለይቶ ታወቀ። ባሪ ሼንደርና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በአጫጭር የጂ ምት ሥር ሰው ሳይስት ግራ ሊጋባ፣ ያለ ምክንያት ደስታ ሊሰማው፣ የሆነውን ሊረሳና ማድረግ የፈለገውን ነገር እያወቀ ማድረግ ሊያቅተው እንደሚችል ገለጹ። ፈቃድና እንቅስቃሴ ይለያያሉ፤ ሰውየው ግን ከውጭ ሲታይ ንቁ ነው። በ2006 ደግሞ ከራይት-ፓተርሰን የአየር ኃይል ጣቢያ በወጣ ጥናት፣ የቃል ሒሳብና ዒላማ መከታተል አንድ ላይ ሲለኩ፣ ብቃት መውደቅ የሚጀምረው ከመሳት በፊት መሆኑና ወደ ነበረበት ለመመለስም ቀድሞ ከተገመተው 24 ሰከንድ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ ታየ።

በመጨረሻ መሐንዲሶች ከዚህ ሁሉ አንድ መደምደሚያ ወሰዱ። ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ ኤፍ-16 አውሮፕላኖች ላይ ከመሬት ጋር ከመጋጨት የሚያድን አውቶማቲክ ሥርዓት ተገጠመ። ሥርዓቱ አብራሪውን «ደህና ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ አውሮፕላኑ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ራሱ እየለካ ጊዜው ሲደርስ መሪውን ይረከባል። በ2016 በአሪዞና በሥልጠና ላይ የነበረ አብራሪ ራሱን ስቶ አውሮፕላኑ ወደ መሬት ሲወረወር፣ አሠልጣኙ በሬዲዮ እየጮኸ ሳለ ሥርዓቱ አውሮፕላኑን ቀና አድርጎ የሰውየውን ሕይወት አተረፈ።

ማጠቃለያ

ከማክኩክ ፊልድ እስከ አሪዞና ያለው ታሪክ ሲጠቃለል አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። የአንጎል ብቃት ሲቀንስ መቀነሱን የማወቅ ችሎታም አብሮ ይቀንሳል። በመሆኑም ስለ ራሱ ብቃት የሚመሰክር ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይ ደካማ ምስክር ነው። ተመራማሪዎቹ ማብሪያን፣ ዒላማን፣ የቃል ሒሳብንና ፊልምን ተራ በተራ ያመጡት ሰውን ስላላመኑት ሳይሆን፣ ሰው ማየት የማይችለውን ስለ እርሱ ለማየት ነው።

ከሴንትሪፊዩጁ ርቆ በድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ባለሙያም ይህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ስኳሩ የወረደበት ሕመምተኛ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ ኦክስጅን ያጠረው ሕመምተኛ ከአልጋው ተነሥቶ ልሂድ ይላል፤ ራሱን የተመታ ወጣት ደህና ነኝ ብሎ ይፈርማል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት፣ ኦክስጅንን በመሣሪያ ማየት፣ ከመቶ እየቀነሰ እንዲቆጥር መጠየቅ፣ በግላስጎው መለኪያ መመዝገብና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መድገም የሕመምተኛውን ቃል መናቅ አይደለም። ቃሉን የሚሰጠው አንጎል ራሱ ሕመምተኛ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ነው።

ትምህርቱ ለባለሙያውም ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም ወይም ነርስ ጠዋት ላይ «አልደከመኝም» ሲል የሚናገረው ያው የደከመ አንጎል ነው። የመድኃኒትን መጠን ለሁለተኛ ሰው ማሳየት፣ የቀዶ ሕክምናን ዝርዝር ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ተረኛ ሲለወጥ በጽሑፍ ማስረከብ፣ ፍራንክስና ዉድ በራሳቸው አካል ከከፈሉት ዋጋ የተገኘውን ያንኑ እውነት በዕለት ሥራ ላይ ማዋል ነው።